ስድስት ጊዜ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር

የመጋዘኑ በር ሲከፈት ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ ነው ያየው። የጤፍ ብናኝ፣ የአይጥ ሽንት፣ የሰው ላብ። ወደ ፀዳ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የተሠራ የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ እህሉ ወጥቶ እኛ ገባንበት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በስንጥቁ ውስጥ የቀረ ጤፍ የጣሪያው ጠብታ አርሶት ቀጭን ሣር አውጥቷል። ከግድግዳው ጥግ ጥግ የተቀመጡት ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ። ማንም እንኳን ደህና መጣህ አላለኝም። አንድ ሰው ብቻ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ቦታ ሰጠኝ፤ እሱንም ወዲያው ጠረጠርኩት።

የያዙኝ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል ነው፣ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለሁ። ሦስት ነበሩ። ፍራሼን ገለበጡ፣ ሻንጣዬን ዘረገፉ፣ የሽሮ ጣሳዬን ሳይቀር ከፍተው አሸተቱ። ምንም አላገኙም። ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ከትራሴ ሥር ሰማያዊ ደብተር ሳበ። ገለጥ ገለጥ አደረገና ለጓደኛው አሳየው። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እስከዚያ ድረስ አልፈራሁም ነበር።

ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ የማያኮራ ነገር መናገር አለብኝ። የምሠራው አፈር በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ነው። እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ ወፍራም መጽሐፍ አያስፈራኝም። ስጽፍም አላሳፍርም። መናገር ግን አልችልም። አፌን ልከፍት ስል ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ከፊቴ ይቆምና ስህተት እፈልግለታለሁ፤ አገኝለታለሁም፤ እሱን ሳቃና ሰውየው ሌላ ወሬ ይጀምራል። በዚያን ሰሞን ውጭ አገር ሄጄ የምማርበት ዕድል አግኝቼ ነበር። የቀረኝ በኮምፒውተር ፊት ለፊት የሚደረግ የሃያ ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አስቀየርኩት። አንዴ መብራት ጠፋ አልኳቸው፣ አንዴ አሞኛል አልኳቸው። ሁለቱም ውሸት ነበር።

ለሦስተኛው ቀጠሮ አንድ ወር ሲቀረኝ ደብተሩን ገዛሁ። በየቀኑ ያየሁትን አንድ ነገር በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ከዚያ አርመዋለሁ፣ ደግሜ እጽፈዋለሁ፣ እንደገና አርመዋለሁ። እንከን ሲያጣ ጮክ ብዬ እለዋለሁ ብዬ ነበር ሐሳቤ። እንከን ያጣ አንድም አልነበረም።

የሚመረምረኝ ሰው መነጽር ያደርጋል፤ አይጮህም። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ከጎኑ አንድ ሰው የተረጎመለትን ወረቀት አስቀምጧል።

«‹ዛሬ ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ዋለ።› የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ስድስት ጊዜ ነው የጻፍከው።»

«አዎ።»

«ለስድስት ሰው ነው?»

«ለማንም አይደለም።»

«ሰው ለማንም ያልሆነ ነገር ስድስት ጊዜ ይጽፋል?»

«እስኪስተካከል ነው።»

«መንገዱ?»

«ዓረፍተ ነገሩ።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ቂልነቱ የገባኝ እኔው ነኝ፤ ለእሱ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ጣቱን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው አሳለፈ። ስድስቱ መስመሮች በጥቂት በጥቂት ይለያያሉ፤ አንዱ ላይ ቃል ወጥቷል፣ አንዱ ላይ ገብቷል። እኔ ሳርም ነው። እሱ ግን ልዩነቱን አንድ በአንድ በቀይ አክብቦበታል፤ ለእያንዳንዱ ተቀባይ የተለየ ምልክት ነው ብሎ አስቧል። በዚህ ሰው ፊት ተቀምጬ እንደኔ ስህተት የሚፈልግ ሰው አገኘሁ አልኩ በልቤ።

«እስኪ ተናገር» አለኝ። «ስምህንና ሥራህን በእንግሊዝኛ ንገረኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ሕፃን የሚለው ነገር ነው። ስሜን ለማለት ከንፈሬን አላቀቅሁ። ከውጭ ዶሮ ትጮህ ነበር፤ ጩኸቷን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሰውየው እጁን አጣጥፎ ጠበቀኝ።

«አልችልም» አልኩ በአማርኛ።

ሳቀ፤ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። «ደብተር ሙሉ ጽፈህ አልችልም?» ሆኖም ጻፈው፤ ተጠርጣሪው እንግሊዝኛ መናገር አልችልም ይላል ብሎ። አስፈረመኝ። በሕይወቴ ከፈረምኩት ሁሉ እንደዚያ እውነት የሆነ ወረቀት አላስታውስም።

ይህ ደዌ ከየት እንደመጣብኝ አውቃለሁ። አባቴ ጎንደር ውስጥ በአንድ ደብር መሪጌታ ነበሩ። እኔ በዐሥራ ሦስት ዓመቴ ዲቁና ተቀበልኩ። በበዓል ቀን በቅዳሴ መልእክት እንዳነብ ተሰጠኝ፤ በግእዝ። ሳምንቱን ሙሉ አጠናሁት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አንባቢ ሲሳሳት ዝም አይባልም። ሊቃውንቱ ከቆሙበት ሆነው፣ በጉባኤው ፊት፣ ትክክለኛውን ንባብ ጮክ ብለው ይሰጡታል፤ አንባቢውም ተቀብሎ፣ ቃሉን አቅንቶ ደግሞ ያልፋል። ይህ ለማንም ነውር አይደለም። እኔ ግን በሦስተኛው መስመር ላይ ድምፄን መጣል ሲገባኝ አነሣሁት፤ ከማኅሌቱ አንድ ድምፅ መታኝ። ደገምኩ፤ ደግሜ ሳትኩ። ሁለተኛ መታኝ። ሦስተኛ። ድምፁ የአባቴ ነበር። ሴቶቹ ቆመው ከሚያስቀድሱበት በኩል እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ስትወስድ አየኋት።

ቤት ስንገባ አለቀስኩ። አባቴ ጥምጥማቸውን እየፈቱ፣ «አንተን መሰለህ እንዴ ያረምኩት? ንባቡን ነው። ተሳስቶ ማለፍ የለበትም» አሉኝ። እኔ ግን የሰማሁት ጩኸቱን ነው። ከዚያ ወዲያ በማንኛውም ቋንቋ፣ በልቤ ሳልጨርሰው በአፌ የጀመርኩት ነገር የለም።

ወደ መጋዘኑ ልመለስ። ዐሥራ ዘጠኝ ነበርን። እርስ በርሳችን አንተማመንም። እኔ ዝም ስለምል ጆሮ ጠቢ መሰልኳቸው፤ እነሱም ብዙ ስለሚያወሩ ጆሮ ጠቢ መሰሉኝ። አንዱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ለማን ምልክት ሰጠ ብዬ አስብ ነበር። ምግብ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደተጠራ፣ ማን ከዘበኛ ጋር ዓይን ለዓይን እንደተያየ በልቤ እመዘግባለሁ።

ከሁሉም በላይ የተጠረጠረው ያ ቦታ የሰጠኝ ሰው ነው። ከደባርቅ ወደ ተራራው ለሚወጡ ፈረንጆች ዕቃ የሚጭን በቅሎ ነጂ ነበር። የተያዘው ለማን ነው የጫንከው ተብሎ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ይጠራዋል። ሲመለስ እጅጌው ላይ ገለባ ተጣብቆ፣ ፊቱ ፀሐይ መትቶት ይገባል። የት ነበርክ ሲሉት፣ «ሥራ አለብኝ» ይላል። ምን ሥራ? እኛ ከዘበኞቹ ጋር ሣር ላይ ጋደም ብሎ ስማችንን እየቆጠረ ይመስለን ነበር።

ይባስ ብሎ በእንግሊዝኛ የመጣብኝ እሱ ነው። በሁለተኛው ቀን አጠገቤ ዘፍ አለና፣ «ሄሎ ማይ ፍሬንድ!» አለኝ፣ መጋዘኑ እስኪያስተጋባ። ዐሥራ ሰባት ራስ ወደ እኛ ዞረ።

«ምነው ዝም አልክ? በእንግሊዝኛ ነው አሉ የያዙህ። እኔም ትንሽ አለኝ። እንጫወታ!»

«አልችልም።»

«ደብተር ሙሉ ጽፈሃል አሉ እኮ።»

ማን ነው ያለህ? ብዬ ልጠይቀው ነበር፤ ተውኩት። ስለ ደብተሩ ለማንም አልተናገርኩም። በቃ፣ ልከውብኛል አልኩ። አፌን ከከፈትኩ ሄዶ ይችላል ሊል ነው። ያን ቀን እንዲህ አሰብኩ። ዛሬ ሳስበው ጥርጣሬዬ የፍርሃቴ መሸፈኛ ነበር። ምንም ባልጠረጥረው ኖሮ ያው ዝም እል ነበር፤ በዚህ ሰው ፊት እንኳ መሳሳት አፍር ነበርና።

እሱ ግን አይተወኝም። እንግሊዝኛው ሁሉ የተለቀመው ከመንገድ ነው፤ አንዱ ቃል ከአንዱ ጋር አይያያዝም። ተራራውን ሲያሳይ «ማውንቴን ቢግ!» ይላል፤ ደከመኝ ለማለት «ሚ ፊኒሽ!»። አንድ ቀን አንዲት ፈረንጅ ቁልቁለት ላይ ወድቃ እግሯ እንደተሰበረ ነገረን። አስጎብኚው ቀድሞ ሄዷል። እሱ በቅሎውን ጋልቦ ሌሎች ፈረንጆች የሰፈሩበት ደረሰና ጮኸ።

«‹ሌዲ! ሌግ ኖ ጉድ! ዶክተር ናው!› አልኳቸው። ሁሉም ዘለው ተነሡ። በዚችው ነው ያወጣኋት።»

እግር ደህና አይደለም፣ ሐኪም አሁኑኑ ማለቱ ነው። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ በልቤ ዓረፍተ ነገሩን አቃናሁለት፤ አራት ዓይነት አድርጌ። አንዱንም አልነገርኩትም።

ከእኔ በስተግራ አንድ ሽማግሌ ተኝተው ነበር፤ ከዳባት ወዲያ ካለው ደጋ የመጡ ገበሬ። ልጃቸው ከቤት ጠፍቶ ስላልተገኘ በእሱ ፈንታ ነው የተያዙት። ሁላችንም አያ እንላቸዋለን። ስኳር አለባቸው። መርፌያቸው ቤት ቀርቷል፤ ሲይዟቸው ላምጣ ቢሉ ማን ሰምቷቸው። እግራቸው ላይ ሚስማር የቧጨራት ትንሽ ቁስል ነበረች። በሳምንቱ ጥቁር ሆነች። በዐሥረኛው ቀን ሽታዋ የጤፉን ሽታ በለጠው።

ለዘበኛው በየቀኑ እንነግረዋለን። ነገ ይለናል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አለቃው ነገ ስለሚለው ነው። በቅሎ ነጂው በየቀኑ ከውጭ ሲመለስ በኮዳ ንጹሕ ውሃ ይዞ ገብቶ ቁስሉን ያጥብላቸዋል። ይህንንም ጠረጠርነው። ውሃውን ከየት አመጣው? ማን ፈቀደለት?

«አያ፣ ምን ይሰማዎታል?» ይላቸዋል።

«ምንም አይሰማኝ፤ እሱ ነው ያስፈራኝ» ይላሉ። «በፊት ያቃጥለኝ ነበር፤ ሸጋ ነበር። አሁን የእኔ እግር አይመስለኝም።»

አንድ ቀን ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ልጅ፣ የተማርክ ነህ አሉ። እንዲህ ያለ ቁስል ስንት ቀን ይቆያል?» አሉኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን አንብቤአለሁ። መልሱን አውቀው ነበር። ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው፤ ከዚያ ወይ እግራቸው ወይ ራሳቸው። አላውቅም አልኳቸው። ሲዋሿቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ እጄን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ማለዳ ላይ ኖራና ብሩሽ መጣ። ግድግዳው ተቀባ። ወለሉ ታጠበ፤ ያ ቀጭን ሣር ከስንጥቁ ተነቀለ። አዲስ ሰሌን ታደለን፣ ለሁለት ለሁለት ሰው አንድ ሳሙና። እንግዶች ይመጣሉ ተባለ፤ ፈረንጆች ናቸው፣ የእስረኛን አያያዝ የሚያዩ። ስትጠየቁ በአጭሩ መልሱ፤ አስተርጓሚ አለ።

ዘበኛው ይህን ተናግሮ ሲያበቃ በቅሎ ነጂውን ጠራው። «ዕቃህን ይዘህ» አለው።

በቅሎ ነጂው ጋቢውን ጠቀለለ። በእኔ በኩል ሲያልፍ ቆም አለና አየኝ፤ አልሳቀም። ወጣ። በሩ እንደተዘጋ ከወዲያ ጥግ አንዱ፣ «አላልኳችሁም? ሥራውን ጨርሶ ሄደ» አለ። ሁላችንም ተስማማን። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተስማማንበት ብቸኛው ነገር ይህ ነበር። እኔም ደስ አለኝ ማለት ይቻላል፤ ትክክል ነበርኩ።

እንግዶቹ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ መጡ። ፀጉሯን የቆረጠች መካከለኛ ዕድሜ ያላት ሴትና ረጅም ወጣት። ከኋላቸው የጣቢያው ኃላፊ፣ መነጽራሙ መርማሪና ሱፍ የለበሰ አስተርጓሚ ተከትለዋል። በሰልፍ ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል። አያ ብቻ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው በአዲስ ብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ሽታውም ከኖራው ሽታ ጋር ተደባልቋል።

ሴትዮዋ አጠገባቸው ስትደርስ ቆመች። አስተርጓሚው፣ «አባት፣ እንዴት ነዎት ትላለች» አለ።

አያ ተስተካክለው ተቀመጡ። በደንብ የተዘጋጁበት ይመስላሉ፤ ቀስ ብለው፣ አንድ ቃል ሳያስቀሩ ተናገሩ።

«እመቤቴ፣ እኔ የስኳር በሽተኛ ነኝ። መርፌዬን ሳልይዝ ነው ያመጡኝ፤ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። እግሬ እየሞተ ነው። ሌላ አልለምንሽም፤ ሐኪም ቤት ይውሰዱኝና ይመልሱኝ። አልሸሽም፤ በምኔ ልሸሽ?»

አስተርጓሚው ወደ ሴትዮዋ ዞረ። እንግሊዝኛው ጥሩ ነበር፤ እኔ ለዓመታት የተመኘሁት ዓይነት። እንዲህ አላት፤ እርጅና ስላለባቸው እግራቸውን ያማቸዋል፤ መድኃኒት እየወሰዱ ነው፤ ስለ መልካም አያያዙ ያመሰግናሉ።

አንድም ስህተት አልነበረበትም።

ሴትዮዋ ጻፈች። አያ ዓይን ዓይኗን እያዩ ነበር፤ ገብቷታል ብለው አመኑ፤ ፊታቸው ላይ ተስፋ አየሁ። ያ ተስፋ ነው የገደለኝ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላላቸው ወደሚቀጥለው ሰው ተሻገረች። እኔንም እንዴት ነህ አሉኝ፤ ደህና አልኩ፤ በአማርኛ። አለፉ። በራሴ ውስጥ ዓረፍተ ነገር መሥራት ጀመርኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ብዬ ልጀምር? ወይስ ክብርት እመቤት? ትርጉሙ ትክክል አልነበረም ልበል ወይስ እውነት አልነበረም? አንዱን አስተካክዬ ሳልጨርስ ሌላው ይፈርሳል። እነሱ ደግሞ ሦስት ሰው አልፈዋል፤ አራት። ወጣቱ በሩ ጋ ደርሷል። ሴትዮዋ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነው።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የማኅሌቱ ድምፅ ትዝ አለኝ። ተሳስቶ ማለፍ የለበትም።

«ኖ!» አልኩ።

ከአፌ ሳይሆን ከደረቴ ነው የወጣው፤ ከቆምኩበት ሳልንቀሳቀስ፣ ሊቃውንቱ አንባቢን እንደሚመቱት። ሁሉም ዞሩ። ስድስት ጊዜ ከጻፍኳቸው አንዱ እንኳ አልመጣልኝም። ባዶ ሆንኩ። እና ባዶው ውስጥ የቀረው የዚያ የተጠረጠረ ሰው እንግሊዝኛ ብቻ ነበር።

«ሌግ ኖ ጉድ» አልኩ፣ በእጄ አያን እያሳየሁ። «ሜዲስን ኖ። ቱ ዊክ፣ ኖ። ዶክተር… ዶክተር ናው!»

እግር ደህና አይደለም፣ መድኃኒት የለም፣ ሁለት ሳምንት የለም፣ ሐኪም አሁኑኑ። በሕይወቴ እንደዚያ የተበላሸ ነገር ተናግሬ አላውቅም። አስተርጓሚው ፈገግ ብሎ ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አለ፤ ሊያርመኝ ነው። እሷ ግን እጇን አንሥታ አስቆመችው። ተመልሳ መጣች። አያ አጠገብ በርከክ አለችና ብርድ ልብሱን ገለጠች።

ከዚያ በኋላ ትርጉም አላስፈለገም። ሴትዮዋ ፊቷን ዞር አድርጋ ተነፈሰችና ለኃላፊው አንድ አጭር ነገር ተናገረች። አያን በዚያው ቀን፣ ቀትር ሳይደርስ፣ በቃሬዛ አወጧቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «ያ ልጅ ምን አላቸው?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። ማንም አልመለሰላቸውም፤ ከእኛ ውስጥ የሚተረጉም አልነበረምና።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። የፈረምኩትን ወረቀት ወደ እኔ አዙሮ አስቀምጦታል።

«መናገር አልችልም ብለህ ፈርመሃል።»

«አዎ።»

«ዛሬ ተናገርክ።»

«እርስዎም ሰምተዋል። እንደማልችል ነው የሰሙት።»

የሚናደድ መስሎኝ ነበር፤ የሚያስብ ይመስላል እንጂ አልተናደደም። ንጹሕ ወረቀትና እስክርቢቶ ገፋልኝ። «ያልከውን እንዳልከው ጻፍ። አንዲት ቃል እንዳትጨምር።»

ጻፍኩት። አንድ መስመር ተኩል አልሞላም። ከሥሩ ብዙ ነጭ ወረቀት ቀርቷል። ስህተቱ ሁሉ ይታየኛል፤ የጎደለው፣ ያለቦታው የገባው። እጄ ወደ ሁለተኛው መስመር ሊወርድ ሲል ያዝኩት። እስክርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

ወረቀቱን ገልብጦ ከጀርባው አየ። «አንድ ጊዜ ብቻ?»

«አንድ ጊዜ ይበቃዋል» አልኩት።

ለዚያች መስመር ለብቻዬ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤ ከዚያ ሌላ ቦታ ወሰዱኝ። ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ሦስተኛው ቃለ መጠይቅ ያለ እኔ አልፏል። ሰማያዊው ደብተሬ አልተመለሰልኝም፤ ምናልባት እስካሁን አንድ ሰው ስድስቱን ሰዎች እየፈለገ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት አፈር ለመውሰድ ወደ ደባርቅ ስሄድ አውቶቡሱ ዳባት ላይ ለምሳ ቆመ። መንገዱ ዳር አንድ ሰው ሁለት በቅሎ ይዞ ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ እጅጌው ላይ ያለውን ገለባ አይቼ ነው ያወቅሁት።

«ሄሎ ማይ ፍሬንድ» አልኩት።

ዘወር ብሎ ሲያየኝ እስኪያስለው ሳቀ። ተቃቀፍን። ጥርጣሬ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ እያቀፍኩትም ልጠይቀው ያሰብኩትን እያደራጀሁ ነበር።

«ያኔ በየቀኑ የት ነበር የሚወስዱህ?» አልኩት።

በአገጩ ወደ በቅሎዎቹ አመለከተ። «እነዚህን አብረው ይዘውብኝ ነበር። ከወንዙ ውሃ ይጭኑባቸው ጀመር። ለሌላ ሰው አይነሡም፤ አንዱን ዘበኛ ረግጣ ጣለችው፣ ይቺ። ስለዚህ እኔን ይጠሩኛል።»

«ምነው ሳትነግረን?»

«የኔ በቅሎ ለእነሱ ውሃ ስታመላልስ ምን ብዬ ላውራ? አፍሬ ነዋ። ደግሞስ ብነግራችሁ ታምኑኝ ነበር?»

አናምነውም ነበር። ስለ አያ ነገረኝ፤ ሁለት ጣታቸው ተቆርጦ እግራቸው ተርፏል፤ በዚያው ዓመት ራሳቸው እርፍ ጨብጠው አርሰዋል። ልጃቸውም ቤቱ ተመልሶ ገብቷል። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፤ ደብተሬን ከማን እንደሰማ። ሳልጠይቀው እሱ ጀመረ።

«እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ያ መነጽራሙ ጠርቶኝ ነበር። እኔን እንግሊዝኛ ታወራለህ፣ እስኪሄዱ ወዲያ ትቆያለህ አለኝ። ከዚያ አንተን ጠየቀኝ፤ ያ ባለ ደብተሩ ይናገራል ወይ? ቀድሞም እየጠየቀኝ ነበር፤ ደብተርህንም የሰማሁት ከእሱ ነው። ሁለት ሳምንት ለፍቼበታለሁ፣ አንዲት ቃል አይወጣውም አልኩት። ለዚህ ነው አንተን እዚያው የተዉህ።»

ቆሜ አየሁት። እኔን ለማትረፍ ነው ያለው ወይስ አያን ለማትረፍ? ወይስ የተጠየቀውን መመለሱ ብቻ ነበር? ፊቱ ላይ ፈለግሁ። ስህተት ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን አላገኘሁበትም።

«ምነው፣ ዋሸሁ እንዴ?» አለኝ።

«አልዋሸህም» አልኩት። «ያን ጠዋት እውነት ነበር።»

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ በእንግሊዝኛ አመሰገንኩት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ምን እንዳልኩ አሁን በትክክል አላስታውሰውም። ተሳስቼ ይሆናል፤ እሱ ግን እጁን አነሣልኝ።